የመብራት ሂሳብ የሚበላው መብራቱ አይደለም፤ ምጣድ፣ ሙቅ ውሃ እና ቆጣሪ

በአማርኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን መጥራታችን ብዙ ቤተሰብን ገንዘብ ያስወጣል። የመብራት ሂሳብ በዛ ሲባል የሁሉም ዓይን ወደ አምፖል ይሄዳል። ልጅ መኝታ ቤት አብርቶ ቢወጣ ቁጣ ይወርድበታል፣ የበረንዳው ይጠፋል፣ ቴሌቪዥኑ በየማታው ከሶኬት ይነቀላል። ወሩ ሲያልቅ ግን ሂሳቡ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ብርሃን ርካሽ ነው፤ ውዱ ሙቀት ነው። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ 5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1.35 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) ነው። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ በ23 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ቁጠባ የሚጀመረው ቤት ውስጥ ከሚያሞቁ ዕቃዎች ነው። እነሱም ምጣድ፣ ቦይለር፣ ምድጃ፣ ካንቲ (የውሃ ማፍያ) እና ካውያ ናቸው። አምፖልን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ የድሮው ክር ያለው ባለ 100 ዋት አምፖል ቤት ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ። በቀን 5 ሰዓት ሲበራ በወር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በኤልኢዲ ከተተካ ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ስለ አምፖል መጨነቅ አያስፈልግም።

ደረሰኙን ማንበብ

ዋት ዕቃው በሥራ ላይ እያለ ምን ያህል እንደሚስብ ይናገራል። የምንከፍለው ግን ለስበቱ ብቻ ሳይሆን ለቆየበት ጊዜም ጭምር ነው። 1,000 ዋት የሆነ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል። 2,000 ዋት የሆነ ካንቲ ሦስት ደቂቃ ቢሠራ የፈጀው 0.1 ብቻ ነው። ብዙ ዋት ያለው ሁሉ አስፈሪ፣ ትንሽ ዋት ያለው ሁሉ ደህና አይደለም፤ ሁለቱ ተባዝተው ነው የሚታዩት።

ደረሰኙ ላይ ሦስት ቁጥሮችን ፈልጉ፤ ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ እና የሁለቱ ልዩነት። ልዩነቱ የወሩ ፍጆታ ነው። ይህ ፍጆታ በእርከን ነው የሚከፈልበት። እርከኖቹ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500 እና ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ተብለው ተከፍለዋል። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የተተገበረው ታሪፍ ሲጠናቀቅ በዝቅተኛው እርከን አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ፣ በከፍተኛው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ተጀምሯል። በዚህ ምክንያት የአምና ደረሰኝ ላይ ያለውን ዋጋ ይዞ ማስላት ያሳስታል፤ የዘንድሮውን፣ የዚህን ወር ደረሰኝ ያዙ።

ከዚያ የኃይል ክፍያውን ለፍጆታው አካፍሉት። የአገልግሎት ክፍያንና ሌሎች ተጨማሪዎችን አትደባልቁ። የሚወጣው ቁጥር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በእውነት የከፈላችሁት ነው። ይህን ቁጥር ከፍጆታችሁ እርከን ዋጋ ጋር አስተያዩት። እኩል ከሆነ ጠቅላላው ፍጆታ የተባዛው በዚያ እርከን ዋጋ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ 203 ላይ ያለ ቤት ሦስቱን ኪሎ ዋት ሰዓት ቢቀንስ 200ዎቹም አብረው ይረክሱለታል። የተገኘው ቁጥር ከእርከኑ ዋጋ ካነሰ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ በርካሽ ተቆጥረው ከላይ ያሉት ብቻ ናቸው የተወደዱት። የተጨማሪ እሴት ታክስ መስመር ካለም ከስንት ፍጆታ ጀምሮ ብቅ እንዳለ ከቀደሙት ወራት ደረሰኞች ጋር አነጻጽሩ። ወሩ ሳይሞላ፣ 20ኛው ቀን ላይ ቆጣሪውን አይቶ የት እንደተደረሰ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በቀሩት አስር ቀናት ከወሰኑ በታች መቆየት ይቻላል።

ቆጣሪውን እንደ ሚዛን መጠቀም

ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት ማመን አያስፈልግም፤ በተለይ በየሠፈሩ ለሚሠራ ምጣድ ጭራሽ የተጻፈ ነገር ላይኖር ይችላል። ዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበልጭ ተጽፏል፤ 800፣ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፉና የምትለኩትን ብቻ አብሩ። አንዷ ብልጭታ ስትታይ «ዜሮ» ብላችሁ ጀምሩና አስረኛዋ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሆነ በስልካችሁ ያዙ። 36,000ን ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉት፤ ውጤቱን እንደገና ለሰከንዱ አካፍሉት። ቁጥሩ 1600፣ ጊዜው 7 ሰከንድ ከሆነ መልሱ 3.2 ኪሎ ዋት ነው። ይሄ ምጣድ ነው። አስሩ ብልጭታ 225 ሰከንድ ከፈጀ 0.1 ኪሎ ዋት፣ ማለትም አንድ ቴሌቪዥን ቢጤ ነው።

በዚሁ ዘዴ ሌላ ነገርም ይገኛል። ማቀዝቀዣውን ጨምሮ ሁሉንም ከሶኬት ነቅላችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መብራቷ አሁንም የምትበልጭ ከሆነ ከግድግዳው ውስጥ የሚፈስ ኃይል አለ፣ ወይም ከእናንተ ቆጣሪ የተቀጠለ ሌላ መስመር አለ፣ ወይም የረሳችሁት ቦይለር ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ብልጭታው የሚቆምበትን መስመር ለዩ። ከዚያ በኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ኃይል ሰው ይገድላል።

ምጣዱ

አንድ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን አስር እንጀራ ይጨርሳል እንበል፤ በወር 300 ይሆናል። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው፤ ለመጋል 15 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ ከማፍሰስ እስከ ማውጣትና እንደገና እስኪግል 3 ደቂቃ ይፈጃል። መጋያው ብቻውን 0.875 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንዱ እንጀራ 0.175 ነው። ማለትም ምጣዱን አንድ ጊዜ ማጋል አምስት እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ይበላል።

በየቀኑ አስር አስር የሚጋግር ቤት በወር 79 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። በሦስት ቀን አንዴ 30 የሚጋግር 61 ያህል። የ17 ተኩል ልዩነት ነው፤ አሥራ ሦስት ኤልኢዲ አምፖሎች ወሩን ሙሉ በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በሳምንት አንዴ 70 አይጋገርም? ሻጋታ ስላለ። ከማቀዝቀዣ ውጭ የተቀመጠ እንጀራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል፤ የተጣለ እንጀራ ደግሞ ከጤፉ ጋር የተከፈለበትን ኤሌክትሪክ ይዞ ነው የሚጣለው። ሻጋታውን የሚያፋጥነው አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው። ትኩስ እንጀራ በትኩስ ላይ ሲደራረብ እንፋሎቱ መሐል ይታፈናል፣ ታችኞቹ ይላባሉ። እያንዳንዱ ሰፌድ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ወደ መሶብ መግባት ያለበት፤ መሶቡም ከመጨመሩ በፊት ያለፈው ፍርፋሪ ተራግፎ በፀሐይ ይድረቅ። የሚተርፍ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ማታ ተቆራርሶ ለድርቆሽ ይሰጣ። ከሻገተ በኋላ ማድረቅ ግን ሻጋታውን አያጠፋም፤ መርዙ በሙቀት አይለቅም።

ማጋያውን ከጎረቤት ጋር መካፈልም አለ። አንዷ ስትጨርስ ምጣዱ እንደጋለ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትመጣለች። በየተራ በአንዱ ቤት በአንዱ ቤት ከሆነ ክፍያውም ራሱን ያቻችላል፤ ካልሆነ ከመጀመሯ በፊትና ስትጨርስ ቆጣሪውን ማየት ይበቃል።

አሁን የሚባክንበትን ቦታ እንይ። የመጀመሪያው ሊጡ ሳይደርስ ምጣድ ማብራት ነው። አብሲት ተጥሎ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ አለ፤ ብዙ ቤት «እስኪያዝ ምጣዱ ይጋል» ይባልና ሩብ ሰዓት የነበረው መጋያ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ሊጡ ኩፍ ካለ፣ ማሰሻው፣ ጎመን ዘሩ፣ ሰፌዱ፣ መጥለቂያው ሁሉ አጠገብ ከቀረበ በኋላ ነው ስፒናው የሚሰካው። ሁለተኛው ከልክ በላይ የጋለን ምጣድ በእርጥብ ጨርቅ ማብረድ ነው። በዚህ ጊዜ የተከፈለበት ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ ሸክላው ድንገተኛ ቅዝቃዜ አይወድም፣ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ነው። ምጣዱ ሲከር ስፒናውን ነቅሎ ሁለት ሦስት እንጀራ በተጠራቀመው ሙቀት ማውጣት ይሻላል።

ሦስተኛው አክንባሎው ነው። ጠርዙ የተበላ፣ ጎኑ የተጣመመ አክንባሎ እንፋሎቱን ያስወጣዋል፤ የላዩ ሳይበስል የሥሩ ይደርቃል፣ አንዱ እንጀራ ከሦስት ወደ አራት ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ደቂቃ ቀላል ትመስላለች፤ በ300 እንጀራ ስትባዛ ግን ሌላ 17 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ናት። አዲስ አክንባሎ ምን ያህል ፈጥኖ ዋጋውን እንደሚመልስ በራሳችሁ ታሪፍ አስሉት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት እንጀራዎች ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ይወጣሉ። ሸክላ ሙቀት ይይዛልና ስፒናው ቀድሞ ይነቀል። ከዚያም በኋላ ምጣዱ ለቆሎ፣ ለድርቆሽ ማድረቂያ፣ ምስር ወይም ሽሮ እህል ለማመስ ይሆናል። ይህን የሚያውቁ እናቶች የሚታመሰውን ነገር ሁሉ ለመጋገሪያ ቀን ያቆዩታል፤ ልክ ናቸው።

ቮልቴጅ እና የምጣዱ ሽቦ

«ዛሬ ምጣዱ እምቢ አለ» የሚባልበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሊጡ ሳይሆን የቮልቴጁ ነው። መስመራችን 220 ቮልት ነው ይባላል፤ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያበስል ግን ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ምጣድ የሚያወጣው ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይወርድም፣ በስኩዌር ነው የሚወርደው። 180ን ለ220 አካፍላችሁ በራሱ ስታባዙት 0.67 ነው፤ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,340 ዋት ይሆናል። ቆጣሪውም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ይቆጥራልና ኪሳራ የሌለው ይመስላል። ኪሳራው ጊዜው ነው፤ የሸክላው መጋያ ሲረዝምና እንጀራው ሲዘገይ በጎንና በሥር የሚበተነው ሙቀት በእያንዳንዱ ደቂቃ ይቀጥላል፣ ለአንዱ እንጀራ የሚወጣው ኃይል ይጨምራል። ዓይኑም አይወጣም። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ካለው ጥድፊያ ውጭ፣ ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ መጋገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሽቦው ሲበጠስ የሚደረገው ጥገናም ያስከፍላል። የተበጠሰው ጫፍ ተቆርጦ የቀረው ተስቦ ይገጠማል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ስበቱ ይጨምራል። ከአሥር እጅ አንዱ ከተቆረጠ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል፤ ከ16 አምፔር በታች የነበረው ወደ 18 ይደርሳል። ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነውና መሞቅ፣ መጥቆር፣ በመጨረሻም መቅለጥ ይመጣል። ሽቦው ሁለት ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ይኑረው፤ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር ይስማማል። በኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይሰካ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ስፒናውን ነቅላችሁ እግሮቹን ሳትነኩ ፕላስቲኩን ዳስሱት፤ እጅ የማያስችል ሙቀት ካለው መገጣጠሚያው ላልቷል። ምጣዱ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ስለ ቁጠባ ማውራት ይቁም፤ የመሬት ሽቦ እስኪገባለት አይብራ።

ውሃ ማሞቅ

ቦይለር ያለበት ቤት ውስጥ ትልቁ ተመጋቢ ምጣድ ሳይሆን ሻወር ሊሆን ይችላል። አንድን ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል የታወቀ ነው፤ ሊትሩን በዲግሪው አባዝቶ ለ860 ማካፈል ኪሎ ዋት ሰዓቱን ይሰጣል። የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ፣ ለገላ የሚስማማው 40 ቢሆን ልዩነቱ 22 ነው። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር ሥር 10 ደቂቃ የቆየ ሰው 80 ሊትር ተጠቅሟል፤ ይህ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። አራት ሰው በየቀኑ እንዲህ ከታጠበ በወር 245 ይደርሳል። በሦስት ቀን አንዴ የሚጋግር ቤት ለወሩ እንጀራ የሚያወጣው አራት እጥፍ! በ15 ሊትር ባልዲ የታጠበ ሰው 0.38 ይበቃዋል፤ አራቱ ሰው በወር 46።

ባልዲ የማይመች ከሆነ ቀላሉ መፍትሔ ሳሙና ሲመቱ ውሃውን መዝጋትና የሻወሩን ራስ ትንሽ በሚያፈስ መቀየር ነው። ቦይለሩን በተመለከተ ሌሊትና ቀን በርቶ መዋል የለበትም። 50 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ማሞቂያው 1,500 ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከመታጠቢያው ሰዓት ይህን ያህል ቀድሞ ማብራት፣ ልክ ሲደርስ ማጥፋት፣ ቤተሰቡም ተከታትሎ መታጠብ። አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ የሚታጠብበት ቤት በመሐል የሚቀዘቅዘውን ውሃ መልሶ ለማሞቅ ይከፍላል።

ፀሐይ ያለበት ቦታም ነፃ እርዳታ አለ። በጥቁር ጀሪካን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ወደ 29 ዲግሪ ከደረሰ ከ22ቱ ዲግሪ ግማሹ ተከፍሏል። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የብረት ዘንግ ማሞቂያ የምትጠቀሙ ስፒናው ሳይነቀል እጃችሁን ውሃው ውስጥ አታግቡ፤ በብረት ባልዲም አትጠቀሙበት።

ለሻይና ለቡና የሚፈላው ትንሽ ነው፤ አንድ ሊትር በካንቲ 0.1 አይሞላም። እሱም ቢሆን ጠዋት አንዴ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ማስቀመጥ በየሰዓቱ ከመጣድ ይሻላል።

ድስቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ሥጋ ደጋ ላይ አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው፤ እሳት መጨመርም አይረዳም፣ ውሃው ከ92 አያልፍምና እንፋሎቱ ብቻ ይበዛል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መክደን እኩል ያበስላል። ክዳኑ የሚቆለፈው ፕሬዠር ኩከር የሚጠቅመውም እንፋሎቱን አፍኖ የውሃውን ሙቀት ከ100 በላይ ስለሚያወጣው ነው፤ ደጋ ላይ ከቆላ ይልቅ ዋጋ አለው። የጎማውን ቀለበትና የእንፋሎት መውጫውን ቀዳዳ ከእያንዳንዱ ማብሰል በፊት ማየት ግን ግዴታ ነው። ሽንብራ የተጣደበት የድስቱ መውጫ በአረፋ ይደፈናልና ከግማሽ በላይ አይሞላ።

ጥራጥሬ ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ የማብሰያ ጊዜው ብዙ ይቀንሳል። ሌላው የቆየ ዘዴ ድስቱን ማልበስ ነው፤ ምስር ወይም ክክ ሩብ ሰዓት ከፈላ በኋላ ክዳኑ ሳይነሳ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ቦሎቄ ላይ ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ተዘፍዝፎ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል መፍላት አለበት። ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ ለስ ባለ ሙቀት አይጠፋም።

ከሰል ወይስ ኤሌክትሪክ?

ዋጋቸው በየወሩ ስለሚለዋወጥ መልሱን በብር መስጠት አይቻልም፤ በመጠን ግን ይቻላል። አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል 8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት አለው። በተራው የቆርቆሮ ምድጃ ወደ ድስቱ የሚገባው ከአምስት አንድ ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ከሚወስደው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለድስቱ ይሰጣል። ሲሰላ አንድ ኪሎ ከሰል የሚሠራውን ሥራ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሠራዋል። በሸክላ የተለበጠው ላቀች ምድጃ ከሰሉን በሩብ ያህል ስለሚቆጥብ በእሱ ከሆነ ቁጥሩ ከ3 ትንሽ ያልፋል።

ስለዚህ ከደረሰኛችሁ ያገኛችሁትን የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በ3 አባዙት። የከሰሉ ኪሎ ዋጋ ከዚህ ከበለጠ ኤሌክትሪኩ ይረክሳል። የከሰሉን ኪሎ ለማወቅ ግን መመዘን ያስፈልጋል፤ ከሰል በማዳበሪያና በፌስታል ስለሚሸጥ ኪሎው አይታወቅም፣ ማዳበሪያው አፍ ላይ ጉልሁ ተደርድሮ ከሥር ድቃቂ ይሆናል። በክረምት ደግሞ እርጥበት ይጠጣና ውሃ ይሸጣል። ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ከሰል ደረቅ ነው። ምግቡ ሲወርድ የተረፈውን ፍም ውሃ አታፍስሱበት፤ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ታፍኖ ሲጠፋ ለነገ ይሆናል። ፍም ያለበት ምድጃ ግን ለሙቀት ተብሎ መኝታ ቤት አይግባ፤ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ይጨርሳል።

በእንጨት ለሚጋግሩ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እሳቱን ከነፋስ ይከልላል።

ማቀዝቀዣውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከምድጃ ጎን አታቁሙት። በሩ ላይ ወረቀት ዘግታችሁ ስትስቡት ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል። ካውያም አንዴ ሲግል የሳምንቱን ልብስ ይጨርስ።

የጋራ ቆጣሪ

በአንድ ግቢ ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለብቻው ቢሆን 90 የሚሆነው ቤት በ270 እርከን ውስጥ ይገባል። ማንም ሳያባክን ሁሉም በውድ ይከፍላል። የራስን ቆጣሪ ማስገባት የሚቻል ከሆነ ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስ ከደረሰኙ አስሉ፤ ከአከራዩ ጋር ለመነጋገርም ይህ ቁጥር ከልመና ይሻላል። ካልተቻለ ለየቤቱ መስመር ላይ አነስተኛ መቁጠሪያ ማስገጠም ነው። በወሩ መጨረሻ የደረሰኙ ጠቅላላ ክፍያ ለዋናው ቆጣሪ ፍጆታ ይካፈላል፣ የተገኘው በየቤቱ ፍጆታ ይባዛል። የትንንሾቹ ድምር ከዋናው ካነሰ የጎደለው የግቢው መብራትና የፓምፑ ነው፤ እሱ ብቻ በእኩል ይከፈል። «ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ አምፖል ያለው ይህን ያህል» የሚለው አከፋፈል የሚቆጥበውን ይቀጣል፤ ቆጠበም አልቆጠበም ያው ከሆነ ማንም አይቆጥብም።

ቆጣሪው ካርድ ካልሆነ ንባቡ በግምት የሚሞላበት ወር ይኖራል። ግምቱ አንሶ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ በትክክል ሲነበብ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ይወድቅና ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የቆጣሪውን ፊት ቁጥሩና የቆጣሪው መለያ አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ከመክፈላችሁ በፊት «የአሁኑ ንባብ» ከፎቶው ጋር ይስማማ እንደሆነ ተመልከቱ። ደረሰኙ ቆጣሪው ላይ ገና ያልደረሰ ቁጥር ከያዘ ስህተቱ በዓይን ይታያል። ሳትከፍሉ ፎቶውን ይዛችሁ ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ሂዱ፣ ወይም 905 ደውላችሁ አስመዝግቡ፤ የተጠራቀመ ንባብ ከሆነም ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ በየወሩ እርከን እንዲሰላ በጽሑፍ ጠይቁ። ፎቶዎቹ ቀን ስላላቸው የየትኛው ወር ፍጆታ ስንት እንደነበር ይናገራሉ።